በፋኖሱ ውስጥ የተደበቀው ክኒን

ጅዳ፣ ሻዕባን 8 ቀን 1406

ይድረስ ለእህቴና ለአጎቴ ልጅ ለራቢሓ ዐወድ፣ አትባራ፣ ሱዳን

አሰላሙ አለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደጃፍሽ ይግባ። እንደምን ከርመሻል? ሐጃ ሲትአልነፈርስ? ላንቺ አማት ቢሆኑም ለሁላችንም እናት ናቸውና ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወንድምሽ ባቢከርስ ደህና ነው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሙርተዳም ሰላም ብሎሻል፤ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ በገዛ እጁ ይጽፍልሽ ነበር።

ስምሽ ከባቢከር ስም ጋር በዘንድሮው የሐጅ ዝርዝር ውስጥ መውጣቱን የሰማሁት ትምህርት ቤቱን ስጠርግ ነው። መጥረጊያዬን ጥዬ እልል አልኩ። ዳይሬክተሯ በመስኮት ብቅ ብላ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «እህቴ ልትመጣ ነው» አልኳት። ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ ራቢሓ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅሽን አልሰማሁም። አልጋ ገዝቻለሁ፤ ከእኔ አልጋ ትይዩ፣ ግድግዳው ሥር አስጠግቼዋለሁ። ሐጁ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት ሳትቆዪ አለቅሽም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ደብዳቤሽ «የወር ደሜ እንደ ጭነት ባቡር በፈለገው ቀን ይመጣል፣ በፈለገው ቀን ይቀራል» ብለሽኝ ነበር። ሐጃ በወጣትነታቸው ለሐጅ መጥተው፣ ካዕባን ሊዞሩ ሲሉ ደማቸው መጥቶባቸው፣ ውጪ ተቀምጠው ሲያለቅሱ መርከቡ ጥሏቸው ሊሄድ እንደነበር የሚያወሩትን እኔም አልረሳሁትም። እዚህ ያሉ ሴቶች ለዚህ መላ አላቸው። ከላክሁልሽ የወተት ዱቄት ጣሳ ሥር በላስቲክ የጠቀለልኩት ክኒን አለ። የወሊድ መከላከያ ነው፤ አትደንግጪ። ረመዳንን ሳያቋርጡ ለመጾምና ለሐጅ ንጹሕ ሆነው ለመቆየት ይውጡታል። ነጩን በየቀኑ አንድ አንድ ዋጪ። በእሽጉ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰባት ቡናማዎች ጣያቸውና ወደሚቀጥለው እሽግ ነጭ እለፊ። እስከዋጥሽው ድረስ ደም አይመጣም። የፋርማሲው ሰውዬ አንዳንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ ሁሉንም መልሼለታለሁ፣ አታስቢ።

ባሏ የሞተባት ሴት ይሄን ክኒን ስትውጥ ብትታይ አትባራ ምን እንደሚል አንቺም እኔም እናውቃለን። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለሐጃም ቢሆን።

ናፋቂሽ ኢዕቲዳል


አትባራ፣ ረመዳን 14 ቀን 1406

ለኢዕቲዳል፣ ለዓይኔ ብርሃን

ወአለይኪ ሰላም። ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ጣሳውም ደርሷል። ሐጃ ወተቱን ራሳቸው ካልከፈትኩ ብለው ሲታገሉኝ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ምላሳቸውማ ከጉልበታቸው ይበረታል።

እነሆ አሥራ ሦስት ቀን ሳላቋርጥ ጾምኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ እንዲህ ስጾም የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት ለማፍጠር ቴምር ስናነሳ ሐጃ ትክ ብለው አዩኝ።

«አምና በአምስተኛው ቀን ነበር ጓዳ ገብተሽ ውኃ ስትጠጪ የያዝኩሽ» አሉኝ።

«አላህ አግዞኝ ነው፣ እማ።»

«አላህማ ሁሌም ያግዛል። ዘንድሮ ግን ወንድ ሆንሽ እንዴ?»

ሳቄ መጥቶ ቴምሩ አነቀኝ። እሳቸውም ጀርባዬን እየደበደቡ ሳቁ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

ክኒኑን የት እንደደበቅሁት ልንገርሽ? በባሌ ፋኖስ ውስጥ ነው። ባቡር ሲያሳልፍ የሚያወዛውዘው፣ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያለው፣ ታውቂዋለሽ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም እጁን አያሳርፍበትም፤ አርብ አርብ የምወለውለው እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ አንዷን ሳወጣ ከእሱ እጅ የምቀበል ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ሰጥቶኝ ስለማያውቅ ይሆናል።

ራሴን ትንሽ ያመኛል፣ ጡቴም ከበድ ይለኛል። ይሄ ምንም አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ረመዳን ሲያልቅ ላቆም አስቤ ነበር፤ ግን ካቆምኩ ቀኑ ተዛብቶ ልክ ሐጅ ላይ ቢመጣብኝስ? እንደ ሐጃ ውጪ ተቀምጬ ላልቅስ? ስለዚህ እስክመጣ ድረስ ሳላቋርጥ ልውጠው ወስኛለሁ። ሌላ ሦስት እሽግ ላኪልኝ። ጨርቅ አትላኪ፣ ሽቶ አትላኪ፤ እሱን ብቻ።

አልጋውን ደግሞ ከአልጋሽ ትይዩ አደረግሽው። ታዲያ ሙርተዳ የት ሊተኛ ነው፣ ጣራ ላይ?

እህትሽ ራቢሓ


ጅዳ፣ ሸዋል 3 ቀን 1406

ለተወደድሽ ራቢሓ

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ፤ የከርሞ ሰው ይበለን። ዒዱን እንዴት አሳለፍሽ? እኔ ጥሩ ነበርኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር።

ያልሽው ሦስት እሽግ ይኸው፤ የምታመጣልሽ ሴት ምን እንደሆነ አታውቅም። ሙርተዳ ሰላም ብሎሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲያው ለነገሩ ነው። በግራ እግርሽ ላይ ያለው ያ እንደ ገመድ የተጠማዘዘው ሥር እንዴት ነው? አሁንም ይታያል? መቼም የስፌት ሥራሽ መቀመጥ ነውና አልፎ አልፎ ተነስተሽ ተራመጂ። እግርሽን ካመመሽ ጻፊልኝ፤ ሌላው ሌላው ይቆይ፣ እሱን አስቀድመሽ ጻፊልኝ።

ለአልጋው አዲስ አንሶላ ገዛሁለት። ቀለሙን ስትመጪ ታይዋለሽ።

ኢዕቲዳል


አትባራ፣ ሸዋል 27 ቀን 1406

ለእህቴ ለኢዕቲዳል

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ይሄን ደብዳቤ ቀድሞ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ስለምሰጠው ቶሎ ይደርስሽ ይሆናል።

ጠንቋይ ሆነሻል እንዴ? ስለ እግሬ በጠየቅሽ በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ታመመ። ከአትባራ የሚሄዱትን ሐጃጅ ሴቶች ነጭ ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት እስከ ምሽቱ መግሪብ ከስፌት መኪናው አልነሳም። ባለፈው ቅዳሜ ልነሳ ስል ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ባቱ አብጧል፣ ቀልቷል፤ ስነካው ከምድጃ የወጣ ይመስላል።

ሐጃ እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ እግሬን አገላብጦ አየና «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለኝ። ሐጃ አጠገቤ ተቀምጠዋል። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው፣ «ባልቴት ምን መድኃኒት አላት? ከቁርኣን ያሲን ቀርታ መተኛት ነው እንጂ!» አሉት። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «የለም» አልኩት። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ።

ሐጃ ግን በዚህ መች ይመለሳሉ? ኡም ዘይንን አስጠሩልኝ። የተሰበረ የምትጠግነውን፣ የተጣመመ የምታቃናውን ኡም ዘይንን ታስታውሻታለሽ? እጇ አሁንም የባቡር ፋብሪካ ወዛደር እጅ ነው። በየቀኑ ከሰዓት ከአሱር ሰላት በኋላ መጥታ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ ባቴን ከታች ወደ ላይ ታሸዋለች። «ደሙ ቆሞ ነው፣ አንቀሳቅሰዋለሁ» ትላለች። ስታሸኝ ደስ ይለኛል፤ ስትሄድ ይብስብኛል። «ሊድን ሲል ነው የሚያም» ትለኛለች።

ትናንት ከውኃ ማሰሮው እስከ ደጅ ሄጄ ስመለስ ትንፋሽ አጠረኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። ባቡራችን ዙልቃዳ 20 ይነሳል። ክኒኑን አላቋረጥኩም፤ አንድም ቀን አልረሳሁም። እዚያ ሐኪም የሚያዘው ጠባብ ካልሲ አለ ይባላል፤ ካገኘሽ አስቀምጪልኝ፣ ለመልስ ጉዞዬ ይሆነኛል።

ስለ ሙርተዳ የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም።

ራቢሓ


ቴሌግራም
ከጅዳ ወደ አትባራ፣ ዙልቃዳ 9 ቀን 1406

ለሐጃ ሲትአልነፈር። የራቢሓ እግር እንዳይታሽ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትግባ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ስትውጥ መክረሟን ለሐኪሙ ንገሩ። ክኒኑ ይቁም። ደሙ ረግቶ ነው። ኢዕቲዳል


ጅዳ፣ ዙልቃዳ 9 ቀን 1406

ራቢሓ፣ ራቢሓዬ

ቴሌግራሙ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ስታነቢው ምን እንደምትዪኝም አውቃለሁ። በአትባራ ቴሌግራም ከተቀባዩ በፊት ገበያውን እንደሚያዳርስ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝና አልጠፋኝም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የምትመጣ ዶክተር ሰሐር የምትባል ግብፃዊት ሐኪም አለች። ደብዳቤሽን ይዤ ሮጥኩ። ስለ እግርሽ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ኡም ዘይን አንድ በአንድ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

«ቀድሞ የእግር ሥር ችግር ነበረባት?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ስሚኝ እናቴ» አለችኝ፣ «ይሄ ክኒን ደም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። ብዙዋ ሴት ምንም አትሆንም። ዕድሜው፣ ያበጠው ሥር፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጡ ሲጨመርበት ግን ደሙ እግሯ ውስጥ እንደ እርጎ ይረጋል። ያንን ሲያሹት ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ትንፋሽ አጥሯታል ያልሽኝ እውነት ከሆነ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። አሁን እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ፣ ቴሌግራም ምቺ!»

የቴሌግራሙ ጸሐፊ ወረቀቱን አንብቦ «ይሄ ሁሉ እንዳለ ይሂድ?» አለኝ። «ክኒን» የሚለውን ሰርዤ «መድኃኒት» ልል ነበር፤ ግን የእናንተ ሐኪም ምን ዓይነት መድኃኒት ብሎ ሲጠይቅ ማን ይመልስለታል? አንቺ እንደሆንሽ ዝም ትያለሽ። «እንዳለ ይሂድ» አልኩት። ስምሽን አዋረድኩት። ቆሽሾም ቢሆን በሕይወት ያለሽውን አንቺን የሚጠራ ስም ይሁን ብዬ ነው። በአላህ ይሁንብሽ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ኢዕቲዳል


ጅዳ፣ ዙልሒጃ 21 ቀን 1406

ለራቢሓ፣ ይሄ ደብዳቤ በሕይወት ካገኘሽ

አርባ ቀን አለፈ፤ ካንቺም ከባቢከርም ቃል የለም።

ከፖርት ሱዳን የመጣው መርከብ ሲራገፍ ወደቡ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። የአትባራን ሴቶች ያወቅኋቸው በልብሳቸው ነው። እጅጌው ላይ በሁለት ረድፍ የምትሰፊውን ስፌትሽን የትም ባየው አልስተውም። ሰባት ሴት ቆጠርኩ፤ ሰባቱም ያንቺን ስፌት ለብሰዋል፣ አንቺ የለሽም። አንዷን ይዤ ስምሽን ጠራሁላት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የቴሌግራሟ ሴት ነሻ?» አለችኝ። «ስንነሳ ሐኪም ቤት ነበረች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላት ነበር። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።» ከዚህ በላይ ልታወራኝ አልፈለገችም።

ለሞተ ሰው እንደሚናዘዙት ልናዘዝልሽ ነው። የፋርማሲው ሰውዬ ጠይቆኝ ነበር ብዬሽ የለ? «ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ናት? የእግር ሥር ሕመም አለባት?» ነበር ያለኝ። «ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ እግሯም ጤነኛ ነው» አልኩት። አላወቅሁም እንዳልል፣ ያንን ሥር በልጅነታችን በጣቴ እየተከተልኩ ስጫወትበት ያደግሁ ነኝ። እውነቱን ብነግረው አይሸጥልኝም። ክኒኑ ከሌለ ደግሞ ፈርተሽ ጉዞውን ለከርሞ ታቆዪዋለሽ ብዬ ሰጋሁ። እኔ ከርሞን መጠበቅ አልቻልኩም፣ ራቢሓ። ከዚህ በላይ ምክንያት የለኝም።

ሙርተዳ የለም። ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ፈትቶኝ ጣኢፍ ሌላ አግብቷል። ሰላም ብሎሻል እያልኩ የምጽፈው ሁሉ የራሴ ፈጠራ ነበር። በዒድ ቀን ቤቴ በእንግዳ አልተሞላም፤ በሬን ዘግቼ አንሶላውን ሳነጥፍና ስሰበስብ ዋልኩ። የተፈታች፣ ልጅ የሌላት፣ የሰው ደጅ የምትጠርግ ሆኜ አትባራ መግባት አፈርኩ። እኔ መምጣት ስላፈርኩ አንቺን ላመጣሽ ፈለግሁ። ለዚህ ብዬ ልገድልሽ ነበር፤ ገድዬሽም እንደሆነ አላውቅም።

አንሶላው ሰማያዊ ነው። ማንም አልተኛበትም።

ኢዕቲዳል


አትባራ፣ ሙሐረም 19 ቀን 1407

ለኢዕቲዳል

ሰላምታ ላስቀድም ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ቀን ብዕር ሳነሳ ሳስቀምጥ ነበር። እሺ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። በሕይወት አለሁ።

ቴሌግራሙ ሲመጣ ኡም ዘይን ዘይቷን አሙቃ እጇን ባቴ ላይ ልታሳርፍ ነበር። ግቢው ልብስ በሚለኩ ሴቶች ተሞልቷል። ባቢከር ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ የሚያነበው የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። ኡም ዘይን እሳት እንደነካው ሰው እጇን መልሳ ሸሸች። ሐጃ መጎናጸፊያ ቶባቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ብድግ አሉና ባቢከርን፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? መኪና ፈልግ!» አሉት።

የረጋው ደም ሳንባዬን ነክቶት ነበር። ሐኪሙ፣ ያ ልጅ፣ «አንድ ቀን ቢታሽ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ ደግሞ «ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ተቆጣኝ። የሚገርምሽ፣ እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሃያ ሁለት ቀን ሆዴ ላይ መርፌ ሲወጉኝ ከረሙ። አሁን ደም የሚያቀጥን ክኒን እውጣለሁ። ሐጃ የአይጥ መርዝም ከዚሁ እንደሚሠራ ሰምተው፣ «አይጥ ስትበላው ትሞታለች፣ አንቺ ስትበዪው ትድኛለሽ፤ እንዴት ያለሽ አይጥ ነሽ!» ይሉኛል።

መጀመሪያ ረገምኩሽ፤ አልዋሽሽም። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ሴቶቹ በር ላይ ሲንሾካሾኩ ስሰማ፣ ምነው ዝም ብላ ብትተወኝና በክብር ብሞት እል ነበር። ዝም ያልኩብሽም ለዚህ ነው። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ እንድትጨነቂ ፈልጌ ነው። ተሳክቶልኛል መሰለኝ።

ከዚያ ሐጃ ያደረጉትን ሰማሁ። እኔ ሐኪም ቤት በገባሁ በማግስቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄደው፣ ሰው በሞላበት፣ የቴሌግራሙን ሠራተኛ መስኮት በምርኩዝ ደበደቡት አሉ። «ያቺን ወረቀት አንብበህ ለማን ለማን ነገርክ? ለሁሉም? ጥሩ! እንግዲህ ይሄንንም ንገርልኝ። ክኒኑን የሰጠኋት እኔ ነኝ! ለሐጇ ብዬ! እኔ ውጪ ተቀምጬ እንዳለቀስኩት እንዳታለቅስ! በልጄ ሚስት ላይ አፉን የሚከፍት ካለ እኔ ዘንድ መጥቶ ይክፈት!» ከዚያ ወዲህ ያወራ የለም። ወደ ቤት ስመለስ ፋኖሱ ተወልውሎ ቦታው ተቀምጧል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ስለ ክኒኑ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም፤ እኔም ምስጋናዬን እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደሜ መጣ። በዚህ በሚያቀጥነው ክኒን የተነሳ ወንዝ ሆኖ ነው የመጣው። ታጥቤ ስጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሚፈሰውን ደም ስፈራ የቆመው ሊገድለኝ ነበር፣ ኢዕቲዳል። ሐጁ አምልጦኛል። ሐኪሙ ባቡርም መርከብም ለጊዜው ከልክሎኛል፤ ለከርሞ አላህ ያውቃል።

አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ዋሸሽ፣ እኔ ሐኪም ፊት ዋሸሁ። ከሁለታችን ውሸት ያወጣን የሐጃ ውሸት ነው። ስለዚህ እኔ አንቺን የምፈርድብሽ ምን ይዤ ነው? ይቅር ብዬሻለሁ። ይሄንን ስጽፍ ግን እግሬ ያመኛል፤ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፣ ውሸቱ ይብቃን።

አልጋውን ሽጪው። አንሶላውን ይዘሽ ነይ፣ ጠባቡን ካልሲም እንዳትረሺ፤ ለግራ እግር ነው። ባቡሩ ማክሰኞና አርብ ከሰዓት ይገባል።

ስለ ሙርተዳ የጻፍሽውን ለሐጃ ላንብብላቸው አላንብብ ብዬ ተጨነቅሁ። በመጨረሻ አነበብኩላቸው። ቀና እንኳን አላሉም፣ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። ከጣኢፍ የመጣ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት ነግሯቸው ኖሯል። አትባራ ሁሉ ያውቃል፤ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ናቸው በየቤቱ ዞረው ማንም እንዳይጽፍልሽ፣ ለእኔም እንዳይነግር የከለከሉት። «ለምን?» አልኳቸው።

«ውሸቷን ስትጨርስ ራሷ ትመጣለች ብዬ» አሉኝ።

ይኸው ጨርሰሻል።

እህትሽ ራቢሓ